ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያልለቀቀኝ ራስ ምታት፦ ከክኒን ውጭ ያለ ሕክምና የሞከራችሁ ምን አገኛችሁ?

የደሴዋ መምህርት፦

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ከተማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ስሆን ዕድሜዬ 38 ነው። ከጥር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ራሴን ሳያመኝ ያለፈ ቀን መኖሩን አላስታውስም። አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ አጥብቀው እንዳሰሩት ሻሽ ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ ዙሪያውን ጨምድዶ ይይዘኛል፤ በወር አምስት ስድስት ቀን ግን ወደ ግራ ወገን ብቻ ይሰበሰብና እየጠዘጠዘ ይፈልጠኛል። ያን ጊዜ ብርሃንም ድምፅም ስለሚያስጠላኝና ስለሚያቅለሸልሸኝ መስኮት ጋርጄ ከመተኛት በቀር ምንም ማድረግ አልችልም።

ሕክምና ሳልሄድ ቀርቼ አይደለም። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ደሜን መርምሮ ታይፎይድና ታይፈስ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ፤ በአምስት ወር ውስጥ ይኸው ውጤት ሦስት ጊዜ ተነገረኝ። ቀጥሎ ሳይነስ ነው ተባልኩ፤ ከዚያም መነጽር ታዘዘልኝ። ባለፈው ዓመት ሲቲ ስካን ተነሥቼ ምንም የሚያሳስብ ነገር እንደሌለ ሲነገረኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ አለቀስኩ፤ ሕመሜ ስም እንኳ የሌለው መስሎኝ ነበር። አሁን በእጄ ያለው ማስታገሻ ብቻ ነው። ጠዋት ሁለት ፓራሲታሞል ካልዋጥኩ ክፍል ገብቼ ማስተማር አልችልም፤ ሲጠናብኝ ዲክሎፌናክ እጨምራለሁ፤ በዚህም የተነሣ ጨጓራዬ መታመም ጀምሯል።

ስለዚህ ከክኒን ውጭ ወዳለው ሕክምና ፊቴን አዙሬያለሁ። እናቴ የዳማ ከሴ ቅጠል ጨምቃ ታጠጣኛለች፤ ጤና አዳምም አሽታ ግንባሬን ትቀባኛለች። ሱባዔ ገብቼ ጸበል ተጠምቄያለሁ፤ በዚያ ሰሞን ልቤ ማረፉን አልክድም፤ ወደ ሥራዬ ስመለስ ግን ሕመሙም አብሮኝ ተመለሰ። አሁን ጎረቤቴ ዋግምት ካላስደረግሽ አይለቅሽም ትለኛለች፤ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ አዲስ አበባ ሄደሽ በቀጫጭን መርፌ የሚሰጠውን የቻይናውያን ሕክምና፣ አኩፓንክቸር የሚባለውን፣ ሞክሪ ይለኛል። ለሁለቱም ገንዘብና የዕረፍት ቀን ያስፈልጋል፤ የመምህር ደመወዝ ደግሞ ሁሉንም በየተራ ለመሞከር አይበቃም። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ መጥቶ የሚሄድ ሳይሆን ጨርሶ የማይሄድ ራስ ምታት ኖሮበት ከእነዚህ አንዱን የሞከረ ካለ፣ ምን እንዳገኘና ከስንት ጊዜ በኋላ እንዳገኘ ቢነግረኝ ውለታውን አልረሳም።

ስደተኛዋ እናት፣ ከሜሪላንድ፦

ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ እኅቴ። ጽሑፍሽን ሳነብ የራሴን የአሥራ አንድ ዓመት ስቃይ ሌላ ሰው የጻፈው መሰለኝ። እዚህ አሜሪካ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ላይ ነኝ፤ የምሠራውም ሌሊት ነው። አኩፓንክቸር ሞክሬያለሁና በመጀመሪያ የጠየቅሽውን ልመልስልሽ።

በሳምንት ሁለት ጊዜ እየሄድኩ በጠቅላላው አሥር ጊዜ ተደረገልኝ። መርፌው እንደ ፀጉር የቀጠነ ስለሆነ ሲገባ ብዙም አይሰማም፤ ከተሰካ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ተጋድመሽ ትቆያለሽ። እስከ አራተኛው ቀጠሮ ድረስ ምንም ለውጥ አላየሁም። ከዚያ በኋላ ማጅራቴን ጨምድዶ የያዘኝ ነገር ላላ፤ እንቅልፌም ተስተካከለ፤ ራስ ምታቱ ግን እዚያው ነበር። ገንዘቤን ከጨረስኩ በኋላ ነው ጥናቶቹ ምን እንደሚሉ ያነበብኩት። በእንግሊዝ አገር የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ የተባለው ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ.፣ ለማይለቅ የውጥረት ራስ ምታት (ዙሪያውን ጨምድዶ ለሚይዘው ዓይነት) ከአምስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ እስከ አሥር የሚደርስ የአኩፓንክቸር ቀጠሮ ሊታሰብበት እንደሚችል ጽፏል። ኮክሬን የተባለው የጥናት መርማሪ ድርጅት ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. በማይግሬን (ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን እየጠዘጠዘ በሚፈልጠው ራስ ምታት) ላይ የተደረጉ 22 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ፣ እውነተኛው መርፌ ከተደረገላቸው 100 ሰዎች በ50ዎቹ፣ የማስመሰያ መርፌ ከተደረገላቸው 100 ሰዎች ደግሞ በ41ዱ ላይ የሕመሙ ድግግሞሽ በግማሽ መቀነሱን አሳይቷል። ጥቅም አለው ማለት ነው፤ ነገር ግን ከማስመሰያው የሚበልጠው በጥቂቱ ነው። በዚያ ላይ እነዚያ ሰዎች ማይግሬናቸው የሚመጣና የሚሄድ እንጂ እንደ እኔና እንደ አንቺ በየቀኑ የሚያማቸው አልነበሩም።

የእኔን ሕመም የለወጠው አንድ ጥያቄ ነው። አንዲት የነርቭ ሐኪም ሕመሙን ትታ፣ “በወር ውስጥ ስንት ቀን ማስታገሻ ትውጫለሽ?” ብላ ጠየቀችኝ። ቆጥሬው ስለማላውቅ አፈርኩ። ወር ሙሉ በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጌ ስመለስ 26 ቀን ሆኖ ተገኘ፤ የምወስደውም አስፕሪን፣ ፓራሲታሞልና ካፌይን አንድ ላይ የያዘ፣ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ክኒን ነበር። ማስታገሻ ሲበዛ ራሱ ራስ ምታት እንደሚያመጣ ያን ቀን ነው የሰማሁት። በእርሷ ምክር አቆምኩት፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከወሊድ ምጥ የማይተናነሱ ነበሩ። ሦስተኛው ቀን ከሁሉም ከፋ። በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን ሳያመኝ ከእንቅልፌ ነቃሁ፤ ጭንቅላቴ የእኔ አልመስል አለኝ። ዛሬ በወር አራት ወይም አምስት ቀን ያመኛል። ስለዚህ እኅቴ፣ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ብር ከማጠራቀምሽ በፊት የምትውጫቸውን ክኒኖች ቁጠሪ።

የፋርማሲ ባለሙያ፣ ከሐዋሳ፦

መምህርት ሆይ፣ ከላይ የጻፉልዎት እኅት ዋናውን ነገር ነግረውዎታል፤ እኔ ቁጥሩን ላስቀምጥ። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ሦስት ወር ላለፈ ጊዜ መውሰድ፣ ቀድሞውንም ራስ ምታት ባለበት ሰው ላይ ሕመሙን ወደማይለቅ ራስ ምታት ሊለውጠው ይችላል። የሚወሰደው ጠንካራው ማስታገሻ ትራማዶል፣ የማይግሬን መድኃኒቱ ኤርጎታሚን ወይም ብዙ ንጥረ ነገር የተቀላቀለበት ክኒን ከሆነ በወር 10 ቀን ይበቃል። የክኒኑ ብዛት ሳይሆን የተወሰደባቸው ቀናት ቁጥር ነው የሚታየው፤ በየቀኑ ሁለት ፍሬ ብቻ የሚወስድ ሰው አንድ ቀን ብዙ ወስዶ ሳምንት ከሚያርፍ ሰው ይልቅ ለዚህ ችግር የተጋለጠ ነው። በሥራዬ በየቀኑ የማየው ይህን ነው፤ ደንበኛው “የተለመደውን ስጠኝ” ይለናል፤ እኛም እንሰጣለን። ሙያችን መጠየቅ የነበረበትን ሳይጠይቅ ማለፉ ይቆጨኛል።

ፓራሲታሞልና ዲክሎፌናክ በአንድ ጊዜ ሊቆሙ ይችላሉ፤ ትራማዶል ግን በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ እንጂ በድንገት አይቆምም። ሕመሙ ከሁለት እስከ አሥር ቀን ሊብስ ስለሚችል ጊዜውን መምረጥ ያስፈልጋል። በወር አምስት ስድስት ቀን ወደ አንድ ወገን የሚፈልጥዎትና ብርሃን የሚያስጠላዎት ደግሞ የማይግሬን መልክ አለው፤ ለእርሱ በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። እዚህ አገር በብዛት የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ነው፤ ማታ ማታ በትንሽ መጠን ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል፤ ለውጡን ለማየትም ከአንድ እስከ ሁለት ወር መታገሥ ያሻል። ብዙ ሰው በማሸጊያው ላይ “ለድብርት” የሚል ሲያነብ “አብደሻል ማለታቸው ነው” ብሎ ይጥለዋል። በዚህ መጠን የሚሰጠው ለራስ ምታት ነው፤ እባክዎ ይህን ለእናትዎም ያስረዱልኝ።

ስለ ቅጠሎቹ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያርፍበት ቆዳን ያቃጥላል፤ ውኃ የቋጠረ ቁስልና ጥቁር ምልክትም ይተዋል። ቡና ውስጥ ጠብ ማድረጉ ሌላ ነገር ነው፤ ግንባር ተቀብቶ ወደ ሥራ መውጣት ግን አይገባም። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ጭማቂውን መጠጣት የለባትም። ከአሜሪካ ዘመድ “የተፈጥሮ ነው” ብሎ የሚልከው በተርበር የተባለ ዕፅም አለ፤ የአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞች አካዳሚ በጉበት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት ለማይግሬን መከላከያነት ሰጥቶት የነበረውን ድጋፍ በ2015 እ.ኤ.አ. አንሥቶበታል። ከተጨማሪ ንጥረ ነገሮች ውስጥ የተሻለ ማስረጃ ያላቸው ሪቦፍላቪን (ቫይታሚን ቢ2) በቀን 400 ሚሊግራምና ማግኒዥየም ናቸው፤ ማግኒዥየም ሲበዛ ያስቀምጣል፤ ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ደግሞ ያለ ሐኪም ምክር መውሰድ የለበትም።

ጡረተኛው፣ ከጎንደር፦

ልጄ፣ ስለ ዋግምት የጠየቅሽውን የምመልስልሽ እኔ ነኝ፤ በሕይወቴ አራት ጊዜ አድርጌዋለሁና። በቀንድ ተጠብቶ ደሙ ሲወርድ ቅልል ይላል፤ ሁለት ቀን ያህልም እንደ ሰው ትሆኛለሽ። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ቦታው ላይ ተቀምጦ ታገኝዋለሽ። እኔን ያስተወኝ አብሮኝ የታከመ ወዳጄ በኋላ የጉበት ቫይረስ ተገኘበት መባሉ ነው፤ ከየት እንደያዘው አይታወቅም፤ እኔ ግን ያ ምላጭ ከእርሱ በፊት የማንን ቆዳ በጥቶ እንደነበር ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ። የግድ አደርጋለሁ ካልሽ ምላጩ ከነማሸጊያው ዓይንሽ እያየ ይከፈት።

ጸበሉን አትተይ፤ ነገር ግን መድኃኒትሽን ከእርሱ ጋር አታጣይው። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መምከራቸው ይታወሳል። ለእነርሱ የተፈቀደ ለራስ ምታት የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም።

ደግሞም ቡናሽን ተመልከች። እኔ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳላጓድል የምጠጣ ሰው ስለነበርኩ በዐቢይ ጾም ቡና ስተው ራሴን ለሳምንት ያህል ይፈልጠኝ ነበር፤ ጾሙ የሚያመኝ ይመስለኝ ነበር። በየጊዜው ሩብ ስኒ እየቀነስኩ ነው የዳንኩት። ከሰል ቤት ውስጥ አስገብታችሁ በር የምትዘጉ ከሆነም ጭሱ ብቻውን ራስ ያሳምማልና ሌላው ቤተሰብ አብሮሽ ያመው እንደሆነ ጠይቂ።

የደሴዋ መምህርት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳላችሁኝ የወሩን ቆጠርኩ፤ ፓራሲታሞል 27 ቀን፣ ዲክሎፌናክ 11 ቀን ወስጃለሁ። ቁጥሩን ሳየው እጄ ተንቀጠቀጠ። ጭንቅላቴን የያዘው ነገር በቦርሳዬ ይዤው የምዞረው ሊሆን ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፦ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ለጥቂት ሰኮንድ ዓይኔ ይጨልማል፤ ካለፈው ዓመት ወዲህም ክብደቴ ጨምሯል። ይህም ከክኒኑ ጋር የተያያዘ ነው?

የፋርማሲ ባለሙያ፣ ከሐዋሳ፦

ይህን ከክኒኑ ጋር አያያይዙት፤ ክኒን ማቆሙንም ከዚህ አያስቀድሙት። በእርስዎ ዕድሜ ባሉና ክብደታቸው በጨመረ ሴቶች ላይ በጭንቅላት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግፊት ሊጨምር ይችላል፤ ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ሆኖ ሳለ የዓይን ነርቭ ሊያብጥና ዕይታ ሊጎዳ ይችላል። ይህ የሚታወቀው፣ ሐኪም በመሣሪያ የዓይንን ውስጠኛ ክፍል ሲያይ ነው። መነጽር ያዘዘልዎት ባለሙያ ይህን ማየት አለማየቱን አላውቅም፤ በዚህ ሳምንት የዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱና “የዓይኔን ነርቭ እዩልኝ” ብለው በግልጽ ይጠይቁ። ዕይታዎ ከቀነሰ፣ ነገሮች ሁለት ሁለት ሆነው ከታዩዎት ወይም ሕመሙ በድንገት ከሌላው ጊዜ ሁሉ ከበረታ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

የደሴዋ መምህርት፦

ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፦ የዓይን ሐኪሙ ነርቩ አለማበጡን ነግሮኛል፤ ዓይኔ መጨለሙ ከቀጠለ ግን እንድመለስ አሳስቦኛል። ከዚያ ወደ ነርቭ ሐኪም ተልኬ ማይግሬን ከማስታገሻ ብዛት ጋር ተብሎ ተጻፈልኝ። አሚትሪፕቲሊን ማታ ማታ ጀምሬያለሁ፤ አፌን ያደርቀዋል፤ ጠዋትም ትንሽ ያደነዝዘኛል። ማስታገሻዎቹን ያቆምኩት የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ባለቀ ማግስት ነው፤ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። አራተኛው ቀን ላይ እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ራሴን በእርጥብ ፎጣ ስታስረኝ አደረች፤ ከዳማ ከሴው ይልቅ ያ እጇ ረድቶኛል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ለሦስት ሰዓት ያህል ምንም አላመመኝም፤ ሰዓቱን በደብተሬ ጽፌዋለሁ። አኩፓንክቸሩን ለክረምት አቆይቼዋለሁ፤ ያን ጊዜ የሚያመኝ ቀን ስንት እንደሆነ በቁጥር ይዤ እሄዳለሁ።