«ዑራ» እና «ኡራ» አንድ ቦታ መሆኑን ለፓይተን እንዴት ልንገረው?

የታንኳው ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር የጀልባ ተሳፋሪ መዝጋቢ ነኝ፤ ማታ ማታ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ እለማመዳለሁ። ጠዋት ሰው ሲሳፈር አራት ሆነን እየተቀባበልን ኤክሴል ላይ እንሞላለን። ወር ሲያልቅ «ወዴት ስንት ሰው ሄደ?» የምባለው ግን እኔ ነኝ። እጄ እስኪዝል በጣቴ ከምቆጥር ብዬ ትንሽ ኮድ ጻፍኩ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ዘጌ ላይ ያለችው ዑራ ኪዳነ ምሕረት አንዲት ናት፤ ኮዱ አምስት አደረጋት። አንዱ «ዑራ» ይጽፋል፣ ሌላው «ኡራ»። አንዱ «ምሕረት»፣ ሌላው «ምህረት»። አንዷ ባልደረባችን ደግሞ «ኪዳነምህረት» ብላ ትገጥመዋለች። ደቅ ደሴት ላይ ያለችው ናርጋ ሥላሴም በ«ሥ» እና በ«ስ» ለሁለት ተከፍላለች።

«ሕ»ን በ«ህ» ተካ ብዬ ሪፕሌስ (የፓይተን መተኪያ ትእዛዝ) ጻፍኩ። ስህተት አላሳየኝም። ሳሳትመው ግን ያው «ምሕረት»! ምን አጥፍቼ ነው?

ዓባይ ማዶ፦
ውጤቱን የት አስቀመጥከው? ፓይተን ውስጥ ስትሪንግ (ጽሑፍ ማለት ነው) አንዴ ከተፈጠረ አይነካም። ሪፕሌስ አዲስ ጽሑፍ ሠርቶ ይሰጥሃል እንጂ አሮጌውን አይለውጥም። የሰጠህን በዚያው ስም መልሰህ ያዘው። እኔም በዚህች ነገር ሁለት ቀን ተቃጥያለሁ።

የታንኳው ልጅ፦
ወይ ጉድ፣ ሠራ! አሁን ለየፊደሉ አንድ አንድ መስመር እየጻፍኩ ነው። 30 ደርሻለሁ፣ «ጸ» እና «ፀ» ገና ናቸው።

ፋሲሎ፦
ተው ወንድሜ፣ አትድከም። ሜክትራንስ የሚባል፣ የትኛው ፊደል በየትኛው እንደሚተካ ሰንጠረዥ የሚሠራ ትእዛዝ አለ። ሁለት ጽሑፍ ትሰጠዋለህ፦ አንዱ «ሐሑሒሔሕሖ»፣ ሌላው «ሀሁሂሄህሆ»። ርዝመታቸው እኩል ካልሆነ ይጮህብሃል። ከዚያ ትራንስሌት የሚባለው ትእዛዝ በዚያ ሰንጠረዥ በአንድ ዙር ሁሉንም ይተካልሃል። «ሃ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ»ንም ወደ «ሀ» አምጣቸው፤ «ኣ፣ ዐ፣ ዓ» ወደ «አ»። ራብዑን የሚረሳው ብዙ ነው። መጻፉ ከሰለቸህ በቁጥር መሄድ ትችላለህ፤ ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ «ሐ» ከ«ሀ» በ16፣ «ፀ» ከ«ጸ» በ8 ይርቃሉ፣ የቀሩት ካዕብ ሳልስም በዚያው ልክ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ዋናውን ዓምድ እንዳትነካ! ለመቁጠሪያ ብቻ ሌላ ዓምድ ክፈት፣ ክፍተቱንም እዚያ አጥፋው። «ሠዓሊ» ሥዕል የሚሥል ነው፤ «ሰአሊ ለነ» ደግሞ «ለምኚልን»። ስትተካቸው አንድ ይሆናሉ።

የታንኳው ልጅ፦
ምነው ትናንት በነገርከኝ! ዋናው ላይ ተክቼ ዝርዝሩን አትሜ ለጠፍኩት። አንድ ዲያቆን ተሳፋሪ «ናርጋ ስላሴ» የሚለውን አይተው፣ «ልጄ፣ ንጉሡ ሠ የት ሄደ?» ብለው ጀልባው እስኪነሳ ወቀሱኝ። ደግነቱ የኤክሴሉ ቅጂ ነበረኝ።

አሁን ዓምዱን ለየሁ፤ ዑራም ከአምስት ወደ ሁለት ወረደች። የቀረችው «ኡራ ኪ/ምህረት» ናት። «ኪ/»ን በ«ኪዳነ» ተካሁ፣ አለቀች። ደስ ብሎኝ ወደ ተሳፋሪው ስም ሄድኩ፤ «ገ/» ገብረ፣ «ወ/» ወልደ ይሁን አልኩ።

ዓባይ ማዶ፦
ወ/ሮዎቹስ?

የታንኳው ልጅ፦
አሥራ አንድ «ወልደሮ» ተሳፍረዋል። «ወ/ሮ»ን አስቀድሜ «ወይዘሮ» አድርጌ ከላይ እየጀመርኩ ነው።

ፋሲሎ፦
«ወ/ሪት»ንም አትርሳ 😂