የቀኝ ኮንትሮል የሌለው ላፕቶፕ ቸግሮኛል፤ መላ ያላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የመጽሐፍ ረቂቅ መተየብና ማረም ነው። ቀኑን ሙሉ ከኪቦርድ አልነሳም። እስካሁን የሠራሁበት እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ቲንክፓድ ቲ420 ላፕቶፕ ነው። ኪቦርዱ ባለ 7 ረድፍ ነው፤ ሆም (ወደ መስመር መጀመሪያ የሚወስደው)፣ ኤንድ (ወደ መጨረሻው የሚወስደው)፣ ዲሊት ሁሉም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ጣቴ ሳላይ ያገኛቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ግን ቲንክፓዶቹም ወደ 6 ረድፍ ወርደዋል።

ማሽኑ ስላረጀ አዲስ ገዛሁ (ስሙ ይቅር)። ስክሪኑን አልጠላሁትም። 16 በ10 ስለሆነ ከድሮው 16 በ9 ይልቅ ወደ ታች ብዙ መስመር ያሳያል። ጽሑፉ ግን ደቃቃ ነው። ወደ 150 በመቶ ሳሳድገው አሮጌው የመጻፊያ ፕሮግራሜ ፊደሎቹን ያደበዝዛቸዋል።

ዋናው ጣጣ ኪቦርዱ ነው። ሆምና ኤንድ ከቀስቶቹ ጋር ተዳብለዋል፤ ኤፍኤን (Fn) የሚባለው ቁልፍ ካልተያዘ አይሠሩም። ከጠቋሚው እስከ መስመሩ መጨረሻ ለመምረጥ ሺፍት፣ ኤፍኤንና ቀስት በአንዴ! ጣቶቼ ይጠላለፋሉ። በቀኝ ኮንትሮል ቦታ ደግሞ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2024 ያስተዋወቀው፣ ኮፓይለት የተባለውን የኤአይ ረዳት የሚከፍተው ቁልፍ ተቀምጧል። ሳላስበው ስነካው ሌላ መስኮት ይከፍትብኛል።

ፓወርቶይስ የሚባለው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም የቁልፎችን ሥራ ይቀይራል ይባላል። ኮፓይለቱን በሱ ወደ ኮንትሮል የመለሰ አለ? ተጭነው ሲይዙትስ እንደ ኮንትሮል ይሠራል? ኤፍኤንን አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውስ ስለማያየው እሱን ለመቀየር ተስፋ ቆርጫለሁ። ካልሆነ የውጭ ኪቦርድ እገዛለሁ። ሆምና ኤንድ ለብቻቸው ያሉት፣ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ የምታውቁ ሞዴሉን ንገሩኝ እባካችሁ።