ሣጥን ሲነሳ የሚሠራው ሥራ፦ 294 ጁል ወይስ 354?

20 ኪሎግራም የሆነ ሣጥን ከወለል ተነስቶ 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ይቀመጣል፤ ያነሳው ሰው ስንት ሥራ (ኃይል ሲባዛ በርቀት) ሠራ? የስበት ፍጥንጥነትን 9.8 ወስጄ 20 × 9.8 × 1.5 ሳባዛ 294 ጁል አገኘሁ። መልስ ተብሎ የተሰጠውም ይኸው ነው።

ግራ የገባኝ ሌላ ነው። እጅ የሚያነሳው ልክ በክብደቱ፣ ማለትም በ196 ኒውተን ብቻ ከሆነ፣ የተጣራው ኃይል ዜሮ ስለሚሆን የቆመ ሣጥን ከወለሉ አይላቀቅም። ስለዚህ እስከ መጨረሻው 2 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር እየፈጠነ እንዲወጣ አድርጌ ሠራሁት፦ ኃይሉ 236 ኒውተን፣ ሥራው 354 ጁል ሆነ። የ60 ጁሉ ልዩነት ሣጥኑ 1.5 ሜትሩ ላይ ሲደርስ ካለው ኪነቲክ ኢነርጂ (በመንቀሳቀሱ ከያዘው ጉልበት) ጋር በትክክል ይገጥማል፤ እዚህ ድረስ ደስ የሚል ነው። ነገር ግን በጥያቄው ሣጥኑ መጨረሻ ላይ ይቆማል። ታዲያ መነሻው ላይ በትርፍ የተሠራው ሥራ ተካክሶ ድምሩ 294 ጁል ላይ የሚመለሰው እንዴት ነው?