ስለ ሃይማኖትና ስለ ዓረብ አገር ስደት ማንን ልጠይቅ?

ቦርከና፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። ከወሎ ወደ ሳዑዲ ስለሚሄዱ ሴቶች የሬዲዮ ዝግጅት እየሠራሁ ነው። በተለይ ሃይማኖት በጉዞው ውስጥ ያለውን ቦታ ማወቅ ፈልጌ ነበር። ከመሄዳቸው በፊት ዱዓ ያስደርጋሉ፣ ስለት ይሳላሉ፣ ሼኩን ወይ የንስሐ አባታቸውን ያማክራሉ፤ እሱን ነው የምፈልገው። እስካሁን ያገኘሁት ግን የአንድ ድርጅት ሕዝብ ግንኙነት ብቻ ነው፣ እሱም "ሕገወጥ ስደት አስከፊ ነው" ከሚለው መግለጫ አላለፈም። ይህንንማ ማን አጣው? ነገሩን ያጠና ሰው ታውቃላችሁ? ቁጥርስ ከየት ላግኝ? ከስደት የተመለሱትንስ እንዴት ላናግራቸው? ሰው ቤት ዝም ብዬ ማንኳኳቱ ከብዶኛል።

ስድስት ኪሎ፦
ዶ/ር መሮን ዘለቀን ፈልጊ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያሉ አንትሮፖሎጂስት ናቸው። ወሎ ውስጥ ባለ የሱፊ ደሪህ (የተከበረ ሼክ መቃብር ያለበት የዚያራ ቦታ) ሰዎች ጠባቸውን እንዴት እንደሚፈቱ አጥንተዋል፣ ስደት ላይም ሠርተዋል፤ ሃይማኖቱንም ስደቱንም የያዘ ሰው እንደልብ አይገኝም። ቀጠሮ እስክታገኚ ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን የማስተርስ ጽሑፎች በኢንተርኔት አንብቢ፣ ነጻ ናቸው። የአማካሪውን ስም ብቻ ይዘሽ አትሩጪ። ጽሑፉን የሠራውን ተማሪም ፈልጊው፣ መስክ ወርዶ ሰው ያናገረው እሱ ነው፤ ደግሞም ስልክ ያነሳል። ሕጉን ከፈለግሽ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008ን እና ማሻሻያውን፣ ከዚያ ወዲህ የተካው ካለም እሱን፣ ከነጋሪት ጋዜጣ አውጪ። አማርኛውን አንብቢ፣ ከእንግሊዝኛው ቢለያይ በሕግ የሚጸናው እሱ ነው።

ቆጠራ፦
ቁጥር ላይ ተጠንቀቂ። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት (አይኦኤም) በየኬላው የሚመዘግበው እንቅስቃሴን ነው። አንዲት ሴት ተመልሳ ደግማ ብትሄድ ሁለቴ ልትቆጠር ትችላለች። ስለዚህ "ይህን ያህል ሰው ተሰደደ" ብለሽ እንዳታነቢው። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ የተመለሱት ግን ከ160 ሺህ በላይ መሆናቸው በደንብ የታወቀ ነው። የሃይማኖት ድርሻ የሚነግርሽ የመጨረሻው አገር አቀፍ ቆጠራ ደግሞ የ1999ኙ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚነገረው በሙሉ ግምት ስለሆነ ግምት መሆኑን ተናገሪ።

የጅዳዋ፦
አብሽሪ እህቴ፣ እኛን ማግኘት ቀላል ነው፤ አጠያየቁ ነው የሚቸግረው። ጋዜጠኛ ሲመጣ ቁጭ ሳይል "ደበደቡሽ ወይ?" ይላል። እኔ ክርስቲያን ነኝ። ደላላው ቪዛው ቶሎ እንዲወጣ ብሎ ስሜን ዘሀራ አስባለኝ፣ ማተቤንም ፈታሁ። እዚያ ረመዷንን ከቤቱ ሰዎች ጋር ጾምኩ፣ በሁዳዴ ደግሞ "ሥጋ አይስማማኝም" እያልኩ አለፍኩት። አገሬ ስገባ የንስሐ አባቴን ማየት አፈርኩ። ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም! አንቺ ስለ ሃይማኖት ካልሽ "ፓስፖርቱ ላይ ስምሽ ማን ነበር?" ብለሽ ጀምሪ፣ ብዙ ትሰሚያለሽ። አባት ወይ ባል ባለበት ግን አትቅጂ፣ ያኔ የምትሰሚው ለእነሱ የሚነገረውን ነው። ቤት ከማንኳኳት ደግሞ በተመላሽ በኩል ሂጂ፣ አንዷ ሌላዋን ቡና ላይ ትጠራልሻለች። ስማችንን ቀይሪ። ድምፃችንንም ቀይሪው፣ በአገሩ ድምፅ ይታወቃል።

ቦርከና፦
እግዜር ይስጥልኝ የጅዳዋ፣ እንዲህ ያለ ነገር ነበር የምፈልገው። ሳይተላለፍ በፊት የተቀዳውን ለባለቤቶቹ አሰማለሁ፣ "ይውጣ" ያሉት ይወጣል። አንድ ነገር ቀረኝ፤ ለሃይማኖት አባቶቹ አዲስ አበባ ላለው የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ ልጻፍ ወይስ እዚሁ ልጠይቅ?

ስድስት ኪሎ፦
ለሁለቱም። ከጉባኤው የምታገኚው የተቋማቱን አቋም ነው፣ እሱም ያስፈልግሻል። ልጅቷ ልትሄድ ስትል ምን ብላ እንደመጣች የሚያውቁት ግን የሰፈሩ ሼክና ቄስ ናቸው። የማንንም ምስጢር እንዲያወጡ አትጠይቂያቸው። "ሊሄዱ ሲሉ ምን አድርጉልን ይሏችኋል? 'አትሂጂ' ብላችሁ ታውቃላችሁ?" በያቸው። ከጁምዓም ከቅዳሴም በኋላ ሰው ስለሚበዛባቸው በአዘቦት ቀን ሂጂ።