ታኦሉ ማርሻል አርት ነው ወይስ ስፖርት? (የ13 ዓመት ልጅ ክለብ ምርጫ)

ቢኒ_ሳሪስ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ለአንድ የ13 ዓመት ልጅ የውሹ (የቻይና ማርሻል አርት) ክለብ እየፈለግን ነው። በአካባቢው ሁለት አሉ፤ አንዱ ታኦሉ (ያለ ተቀናቃኝ የሚቀርብ የተቀናበረ እንቅስቃሴ፣ ማለትም ፎርም) ብቻ ያሰለጥናል፣ ሌላው ሳንዳ (የፊት ለፊት ፍልሚያ)። የልጁ ልብ የታኦሉው ዝላይ ላይ ነው፤ ቤተሰቡ ግን "ያ ሰርከስ ነው፣ ራሱን እንኳ አይከላከልበትም" ብሎ ድርቅ ብሏል። እውነት ታኦሉ ማርሻል አርት ነው ወይስ ስፖርት ብቻ? ዳኞቹስ ምን አይተው ነው ነጥብ የሚሰጡት? ጉልበቱም ያሳስበናል፤ አየር ላይ 540 እና 720 ዲግሪ ዞሮ ማረፍ ለዚህ ዕድሜ ይሆናል?

ምንጣፍ_ዳር፦

ከነጥቡ ልጀምር፣ ግማሹን ክርክር እሱ ይፈታዋል።

ተወዳዳሪው ራሱ በሚያቀናብረው ፎርም ሙሉ ነጥቡ 10 ነው። 5ቱ ለእንቅስቃሴ ጥራት፣ 3ቱ ለአጠቃላይ አቀራረብ፣ 2ቱ ደግሞ "ናንዱ" ለሚሉት የእንቅስቃሴ አስቸጋሪነት ደረጃ። ጥራቱ ላይ የሚቀነሰው በ0.1 በ0.1 ነው። ማቡ (ሁለት እግር ተከፍቶ የሚቀመጡበት አቋቋም) ላይ ጭን ከወለሉ ጋር ትይዩ ካልሆነ 0.1፣ ተረከዝ ከተነሳ 0.1። ሚዛን ስቶ መንገዳገድ 0.1፣ ወለሉን በእጅ መደገፍ 0.2፣ መውደቅ 0.3። ከናንዱው 1.4 ለራሳቸው ለከባዶቹ እንቅስቃሴዎች ነው፣ 0.6 ለማያያዣው፣ ማለትም ከዝላዩ በቀጥታ ወደ ተባለው አቋቋም ለመግባት። ሹዋንፌንግጂያው የሚባለው የዙር ካልቾ በ360 ዲግሪ 0.2 ያስገኛል፣ በ540 0.3፣ በ720 0.4። ካረፈ በኋላ እግሩ ከተንሸራተተ ማያያዣው አይቆጠርለትም።

እንግዲህ እዩት፤ "ይህ ካልቾ ሰው ያገኛል ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ አንድም መስመር የለም። በመሣሪያ የሚሠራው ፎርምም ያው ነው። የውድድር ጎራዴ ስስ ብረት ነው፣ ሲወዘወዝ እየተርገፈገፈ ይጮኻል፤ ሰው ለመቁረጥ አልተሠራም። የሚለካው እንኳ በተወዳዳሪው ቁመና ነው፦ ጎራዴው በግራ እጅ ሽቅብ ተገልብጦ ሲያዝ ጫፉ ከጆሮ አናት ማነስ የለበትም፣ ዱላው ከባለቤቱ ቁመት ማጠር የለበትም።

ስለዚህ እኔን ከጠየቃችሁኝ ስፖርት ነው፣ በጣም ከባድ ስፖርት። በዳካር 2026 የወጣቶች ኦሊምፒክ ውስጥም የገባው በዚሁ ነው።

ሌይታይ80፦

ምንጣፍ_ዳር፣ በቁጥሮቹ እስማማለሁ፣ በድምዳሜው ግን አልስማማም። ተቀናቃኝ አለመኖሩ መለኪያ ከሆነ የካራቴ ካታም (የካራቴው ፎርም) አብሮ ይወድቃል። በቶኪዮው ኦሊምፒክ ካታ የተዳኘው 70 በመቶ በቴክኒክ፣ 30 በመቶ በአትሌቲክስ ብቃት ነበር፤ ሰባት ዳኞች፣ ምንም ንክኪ የለም። ሪዮ ኪዩና በዚያ ወርቅ ሲወስድ "ይሄማ ካራቴ አይደለም" ሲባል አልሰማሁም።

መታየት ያለበት እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከየት እንደመጣ ነው። ታኦሉ ውስጥ ቀጥታ ቡጢ፣ የጎን ካልቾ፣ ወደ ውስጥ የሚጠርግ ካልቾ አለ፤ እነዚህን ነገ ጠዋት ፓድ አስይዘህ ትመታባቸዋለህ። 720 ዞሮ ማቡ ላይ ማረፍ ግን ለነጥብ የተወለደ ነው። ሁለት ጊዜ ጀርባውን ሰጥቶ፣ አየር ላይ አቅጣጫ መቀየር ሳይችል የሚመጣን ሰው ማንም ይጠብቀዋል። አንድ ፎርም ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ተቀላቅሎ አለ፣ ሰው የሚጨቃጨቀውም ለዚህ ነው።

ቻይና የፎርሙን ውድድር ያደራጀችው ገና በ1950ዎቹ ሲሆን፣ ፍልሚያው ማለትም ሳንዳ በሙከራ ደረጃ የተጀመረው በ1979 ነው። የአንድ ፌዴሬሽን ሁለት ክንፎች ናቸው፤ ከ1991 ጀምሮ በዓለም ሻምፒዮናም ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሳንዳ 80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው፣ 8 በ8 ሜትር መድረክ ላይ ነው፤ ሁለት ሁለት ደቂቃ፣ ከሦስት ዙር ሁለቱን ያሸነፈ ይወስዳል። ተቀናቃኝህ ከመድረኩ ከወረደ 2 ነጥብ አገኘህ፤ በአንድ ዙር ሁለቴ ከወረደ ዙሩ ያንተ ነው። ቤተሰቡ የሚፈራው ራስን መከላከል ከሆነ፣ እሱ የሚገኘው የሚቃወም ሰው ፊት ሲቆም ብቻ ነው። የሳንዳ ልጅ ይህን በየሳምንቱ ያገኘዋል፤ ታኦሉ ብቻ የሚሠራ ልጅ ለዓመታት ሳያገኘው ሊቆይ ይችላል።

ተረከዝ፦

የጉልበቱን ጥያቄ ሁላችሁም ዘለላችሁት፣ ልጁን የሚነካው ግን እሱ ነው።

የዙር ካልቾው የልምምድ ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ያለ ዝላይ፦ ቀኝ እግር ሳይታጠፍ ከውጭ ወደ ውስጥ ጠርጎ ትከሻ ድረስ ይወጣል፣ ጫማው በግራ መዳፍ ይመታል። ድምፁ ካልጠራ ወይ ጉልበቱ ታጥፏል፣ ወይ እጁ እግሩን ፍለጋ ወርዷል። ቀጥሎ ማረፊያው ለብቻው፦ 30 ሳንቲ ሜትር ከሚሆን ሳጥን ወርዶ ማቡ፤ ሁለቱ እግሮች እኩል ይነካሉ፣ ጉልበቶች በእግር ጣቶች አቅጣጫ ይሄዳሉ፣ ወደ ውስጥ አይገቡም። ከዚያ ሩብ ዙር፣ ግማሽ ዙር እየዘለሉ ማቡ። 360 የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። 540 ደግሞ 360ው ያለ አንዲት ትርፍ እርምጃ ማረፍ ሲለመድ።

ዋናው ስህተት መሬት ላይ ቀድሞ መዞር ነው። ልጁ ለመነሳት ቀኝ እግሩን ሲረግጥ ጫማው አስቀድሞ ወደ ግራ ይጣመማል፣ ትከሻውም ይከተላል፤ ግማሹ ዙር እዚያው መሬት ላይ አለቀ፣ ከፍታውም ጠፋ። እሱ 540 ዞርኩ ይላል፣ ዳኛው 360 አይቷል። የመጨረሻዋን እርምጃ በስልክ ቀርጾ በዝግታ ማየት ይበቃል። ግራ ጉልበት ዘግይቶ ከተነሳ ደግሞ ወገብ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ማረፊያው ተረከዝ ላይ ይሆናል።

አደገኛው ግን ዙሩ ሳያልቅ መሬት መንካት ነው። ጫማው ወለሉ ላይ ተተክሎ ቀርቷል፣ ዳሌው ገና እየዞረ ነው፤ መጠምዘዙን የሚቀበለው መሃል ያለው ጉልበት ነው። የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት የሚበጠሰው በዚህ ዓይነት ነው። ለዚህ ብሎ በጣም ለስላሳ ወፍራም ፍራሽ ማንጠፍም መፍትሔ አይደለም፤ እግሩን ውጦ ይይዘዋል፣ መጠምዘዙን ያብሳል። ጠንከር ያለ የልምምድ ምንጣፍ ይሻላል።

በ13 ዓመት አጥንት በፍጥነት ያድጋል። ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጉብታ ሲነካ ካመመው ዝላይ ይቁም፣ ሐኪም ይየው፤ "ይለምደዋል" አይባልም። የካልቾው ድምፅ መድከም ሲጀምርም የዕለቱ ዝላይ አብቅቷል። 720ን እርሱት፤ በዚህ ዕድሜ የሚወዳደሩት አስቀድሞ በተደነገገ ፎርም ነው።

ቢኒ_ሳሪስ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ታኦሉው ክለብ ይሂድ ብንል፣ ስንጎበኝ ምን እንይ?

ሌይታይ80፦

ከፎርሙ አንድ እንቅስቃሴ ምረጡና አሰልጣኙን "ይህ ለምን ይሠራል?" በሉት። ሌላ ሰልጣኝ አቁሞ ካሳያችሁ ጥሩ ምልክት ነው። "ለነጥብ ነው" ቢልም አልዋሸም፣ ግን ቤተሰቡ ያንን አውቆ ይግባበት። በሳምንት አንድ ቀን ሳንዳ መጨመር ከተቻለ ይጨመር።

ምንጣፍ_ዳር፦

ወለሉንም እዩ። የውድድሩ ምንጣፍ 14 በ8 ሜትር ነው፤ ያን ያህል ቦታ ባይኖር ችግር የለውም፣ ከሥሩ የማረፊያውን ግጭት የሚያለዝብ ነገር መኖሩን ግን አረጋግጡ። ሲሚንቶ ላይ ስስ ምንጣፍ ብቻ ከሆነ 360ም ቢሆን አይዘለልበት።