የ2024ቱ ፍላይት ሲሙሌተር አጀማመር፦ ትዕግሥታችን እስከ የት ድረስ ይሁን?

ጥያቄ፦ የእንጦጦ ጭጋግ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት።

ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2024 የተባለው የአውሮፕላን ማብረሪያ ጌም ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 2024 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ስለ እርሱ የሚጻፈውን በጥሞና ስከታተል ሰንብቻለሁ። በመጀመሪያው ቀን ብዙ ሰዎች ጌሙን ከፍተው መጫኛው 97 በመቶ ላይ ደርሶ ቀጥ እንዳለባቸው፣ ከረጅም ጥበቃ በኋላ የገቡትም ቢሆኑ አንዳንድ አውሮፕላኖችን ከዝርዝሩ ውስጥ እንዳጡ፣ ጌሞች በሚሸጡበት የኢንተርኔት መደብር በስቲም ላይ የተሰጠው አስተያየትም በአመዛኙ አሉታዊ እንደሆነ አንብቤያለሁ። እኔ እስካሁን አልገዛሁም። ከእርሱ በፊት የወጣውን የ2020ውን እጠቀማለሁ፤ ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ላሊበላ መብረር ከሥራ በኋላ የማርፍበት ነገር ነው፤ በእርሱም ደስተኛ ነኝ።

የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የቤቴ ኢንተርኔት ጠዋት ጠዋት ጥሩ ሲሆን ምሽት ላይ ግን ይዳከማል። ቨርጂኒያ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ለገና መደበኛውን እትም፣ ዋጋው 69.99 ዶላር የሆነውን፣ በስጦታ ሊልክልኝ አስቧል። እንዲገዛልኝ ልንገረው ወይስ እንዲቆይ ልለምነው? ከዚህም አልፎ የምጠይቀው አለ። አንድ ሲሙሌተር ሲወጣ እንዲህ ሲያስቸግር ተጠቃሚው የሚታገሠው በምን መለኪያ ነው? «ሁልጊዜም እንዲህ ነው፣ ይስተካከላል» የሚለው መልስ ብቻውን አላረካኝም፤ ይስተካከላል የምትሉ ካላችሁ ምን እንደሚስተካከል እና ምን እንደማይስተካከል ለይታችሁ ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1፦ ሰርቨር ጠባቂ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ሥራዬ ከሰርቨሮች ጋር የተያያዘ ስለሆነ በዚያ በኩል ያለውን ላስረዳ።

የ2020ው ሲሙሌተር አውሮፕላኖቹን እና አብዛኛውን መሠረታዊ ይዘት በኮምፒውተርዎ ዲስክ ላይ ያስቀምጥ ነበር፤ ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚያወርደው በዋናነት የመሬቱን ገጽታ እና የሳተላይት ምስሉን ነው። የ2024ቱ ግን በዲስክ ላይ የሚጠይቀው ቦታ 50 ጊጋባይት ብቻ ሲሆን አውሮፕላኖቹንና የአውሮፕላን ማረፊያዎቹን ጭምር በሚያስፈልጉበት ሰዓት ከክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ከሩቅ ሰርቨሮች፣ ይጠራቸዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሰርቨሩ ሲዳከም የደበዘዘው ተራራው ብቻ አልነበረም፤ አውሮፕላኑም አብሮ ጠፋ።

የሲሙሌተሩ ኃላፊ ዮርግ ኖይማን እና ጌሙን የሠራው የፈረንሳዩ አሶቦ ስቱዲዮ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሴባስቲያን ቭሎክ በዚያው ዕለት በቪዲዮ ቀርበው ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ምክንያቱንም አስረድተዋል። ተጠቃሚው ጌሙን ሲከፍት የሚያስፈልገውን መረጃ አንድ ሰርቨር ከዳታቤዝ ያመጣለታል፤ ዳታቤዙ እንዳይጨናነቅም በመካከል ካሽ፣ ማለትም ተደጋግሞ የሚፈለገውን መረጃ ለጊዜው የሚይዝ ማከማቻ፣ አለ። ይህንን ካሽ 200,000 ተጠቃሚዎችን በማስመሰል ፈትነውት ነበር፤ እውነተኛው ሕዝብ ሲመጣ ግን አልቻለም። አገልግሎቱን እንደገና አስነሥተው ወረፋውን ሲያሰፉት ለግማሽ ሰዓት ያህል ሠራ፣ ከዚያም ካሹ እንደገና ወደቀ።

ከሙያዬ አንጻር ይህ የሚገርም አይደለም። አንድ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ሲቀር ፕሮግራሙ ደግሞ ይጠይቃል፣ ያልተመለሰው ሁሉ ደግሞ ሲጠይቅ ጭነቱ ከእውነተኛው የሰው ቁጥር በላይ ይሆናል። ታክሲ ያላገኘ ሰው ሁሉ ከሰልፉ ሳይወጣ ከኋላ ደግሞ ቢሰለፍ ሰልፉ ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው። 97 በመቶ ላይ የሚቆመውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ፕሮግራሙ ተስፋ ሳይቆርጥ ይሞክራል እንጂ አልሞተም።

ይህ ዓይነቱ ችግር ይድናል። ሰው በተለያየ ሰዓት መግባት ሲጀምር እና የሰርቨሮቹ አቅም ሲጨመር ወረፋው ይቀልላል፤ እንዲያውም አሁን ቀልሏል። የማይለወጠው ግን አሠራሩ ነው። ሲሙሌተሩ ከኢንተርኔት ጋር የተሳሰረው ሆን ተብሎ ነውና ምንም ያህል ቢታገሡ በሚቀጥለው ማሻሻያ ከኢንተርኔት ነጻ ይሆናል ብለው አይጠብቁ። ኩባንያው የሚጠይቀው ዝቅተኛ የኢንተርኔት ፍጥነት በሰከንድ 10 ሜጋቢት ሲሆን የሚመክረው 50 ነው። እርስዎ ምሽት ላይ ስንት እንደሚያገኙ ለክተው ያውቃሉ? ለውሳኔዎ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ቁጥር እርሱ ይመስለኛል።

መልስ 2፦ የድሮው ኮክፒት

ከእኔ በፊት የጻፉት ወንድማችን ሰርቨሩን በደንብ አስረድተዋል። እኔ ስለ ትዕግሥቱ ልናገር፤ ምክንያቱም «ሁልጊዜም እንዲህ ነው» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው፣ ሌላው ግማሽ ደግሞ እየተረሳ ነው።

ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ በጥቅምት 2006 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በወቅቱ ውድ በነበሩ ኮምፒውተሮች ላይ እንኳ ይንቀረፈፍ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተሠራው የአንድ ፕሮሰሰር ፍጥነት ከዓመት ዓመት እየጨመረ ይሄዳል በሚል ግምት ነበር፤ የፕሮሰሰር አምራቾቹ ግን በዚያው ሰሞን ፍጥነቱን መጨመር ትተው በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ብዙ ኮር፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሠሩ የማስሊያ ክፍሎችን፣ ወደ ማስገባት ዞሩ። ሲሙሌተሩ አንዱን ኮር እያደከመ ሌሎቹን ሥራ ፈት አድርጎ ይተዋቸው ነበር። በ2007 የመጣው የመጀመሪያው የማሻሻያ ጥቅል ሥራውን ወደ ሌሎቹ ኮሮች ማከፋፈል ሲጀምር ብዙ ነገር ተለወጠ፤ ከዚያ በኋላ ሰዎች ይህንኑ ሲሙሌተር ከ10 ዓመት በላይ ተጠቅመውበታል። የታገሠ አልከሰረም።

ነገር ግን በዚያው ታሪክ ውስጥ ሌላም ነገር ተፈጽሟል። ያንን ሲሙሌተር የሠራው የማይክሮሶፍት ኤሲስ ስቱዲዮ በጃንዋሪ 2009 ተዘጋ። በ2012 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ፍላይት የተባለ ሌላ ጌም ወጣ፤ ብዙ የቆዩ ተጠቃሚዎች አልተቀበሉትም፣ ገና ዓመት ሳይሞላው ሥራው እንዲቆም ተደረገ። በዚያኛው ላይ ነገ ይሻሻላል ብሎ ተስፋ ያደረገ ሰው ተስፋው ባዶ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ትዕግሥት ፍሬ የሚያፈራው በራሱ አይደለም፤ ከትዕግሥቱ ጀርባ ደመወዝ እየተከፈለው ኮዱን የሚያስተካክል ቡድን ሲኖር ነው።

አሁን ያለው ቡድን ደግሞ የሚታይ ታሪክ አለው። የ2020ው በነሐሴ 2012 ዓ.ም. (ኦገስት 2020 እ.ኤ.አ.) ሲወጣ በትልልቅ ከተሞች ላይ፣ በተለይ ኒው ዮርክን በመሰሉት ላይ፣ ጥሩ ኮምፒውተር የነበራቸውም ምስሉ እየተቆራረጠ ይቸገሩ ነበር። ከዓመት ገደማ በኋላ፣ በጁላይ 27 ቀን 2021፣ ለኤክስቦክስ ሲዘጋጅ የማስታወሻ (ሜሞሪ) አጠቃቀሙን ከሥር መሠረቱ ማስተካከል ግድ ሆነና ሲም አፕዴት 5 የተባለው ማሻሻያ ለኮምፒውተር ተጠቃሚዎችም አብሮ ደረሰ። በእኔ ማሽን ላይ ልዩነቱ ወዲያው ታይቷል፤ ከቦሌ ተነሥቼ ወደ ግራ ስታጠፍ ከተማው ሳይቆራረጥ ይፈስ ጀመር። እውነቱን ለመናገር ማሻሻያው እንከን አልነበረውም አልልም፤ ራስን አዙሮ ወደ ጎን ሲያዩ ዛፉና ሕንፃው ዘግይቶ ብቅ ይል ነበርና ብዙ ቅሬታ አስነሥቷል፤ እርሱም በኋላ በመጣ ማስተካከያ ተሻሽሏል።

እንግዲህ መለኪያዬ ይህ ነው፦ ስህተቱን በግልጽ ተናገሩ ወይ? የሚያስተካክለው ቡድን በሥራ ላይ አለ ወይ? ከዚህ በፊት ቃሉን ጠብቋል ወይ? ለ2024ቱ ሦስቱንም «አዎ» እላለሁ። ቢሆንም መታገሥ ማለት ቀድሞ መክፈል ማለት አይደለም። እርስዎ ገና ያልገዙ ሰው ነዎት፤ እየበረሩ መጠበቅ የሚችሉበት ሲሙሌተር በእጅዎ አለ።

መልስ 3፦ ሙሉ ዋጋ ከፋይ

የተከበሩት የድሮው ኮክፒት ያሉትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። ትዕግሥት የተጠቃሚው ግዴታ ተደርጎ ሲቆጠር ሸክሙ ከአምራቹ ትከሻ ወደ እኛ ይዞራል። ከዚህ ጌም እትሞች ውስጥ ትልቁ 199.99 ዶላር ነው። ይህንን የከፈለ ሰው በመጀመሪያው ቀን ያገኘው ወረፋ ከሆነ፣ ቅሬታውን በአስተያየት መስጫው ላይ መጻፉ ትዕግሥት ማጣት ሊባል አይገባውም። ያ አሉታዊ አስተያየት ባይጎርፍ ኖሮ ሁለቱ ኃላፊዎች በዚያው ዕለት ቀርበው ለማስረዳት ይቸኩሉ ነበር ብዬ አላምንም።

በሌላ በኩል፣ አስተያየታቸውን ለሠራተኞቹ በስድብ የሚጽፉ ሰዎች እኛንም ይጎዱናል። የትኛው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ፣ በየትኛው ግራፊክስ ካርድ፣ በምን ሁኔታ እንደተቆራረጠ የሚገልጽ ቅሬታ ነው ሊነበብ እና ሊሠራበት የሚችለው።

መልስ 4፦ ፍሬም ቆጣሪ

እስካሁን የተነጋገርነው በአብዛኛው ስለ መጫኛው ነው። ጠያቂው ከገዙ በኋላ የሚገጥማቸው ግን ሌላው ችግር ነው፤ ማለትም ከገቡ በኋላ የሚታየው መቆራረጥ።

በሰከንድ 30 ፍሬም፣ ማለትም 30 ምስል፣ ለማግኘት ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ምስል በ33 ሚሊሰከንድ ውስጥ መጨረስ አለበት፤ ለ60 ፍሬም ደግሞ በ16.7 ሚሊሰከንድ ውስጥ። ዓይን የሚያስቸግረው አማካይ ቁጥሩ ዝቅ ማለቱ ብቻ አይደለም፤ ከምስሎቹ መካከል አንዱ በድንገት 100 ሚሊሰከንድ ሲፈጅ ነው። ለማረፍ ተቃርበው አፍንጫውን ቀና በሚያደርጉበት ቅጽበት ይህ ከተከሰተ መንኮራኩሩ መሬት የነካበትን ጊዜ ሳያዩት ያልፋል። በሲሙሌተሩ የዴቨሎፐር ሞድ ውስጥ የፍሬም መቁጠሪያ አለ፤ እርሱም የሚያዘገየው ፕሮሰሰሩ ይሁን ግራፊክስ ካርዱ ይነግርዎታል። ይህንን ሳያዩ ቅንብሮችን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው።

ፕሮሰሰሩ ከሆነ የሚያዘገየው፣ የመሬቱን ገጽታ ዝርዝር የሚወስነውን ቅንብር እና በዙሪያዎ ያለውን የአውሮፕላን ትራፊክ ይቀንሱ፤ የምስሉን ጥራት ዝቅ ማድረግ ግን ምንም አይረዳዎትም። ግራፊክስ ካርዱ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያ የካርዱን የራሱን ማስታወሻ ይመልከቱ። የ2024ቱ ይህንን ማስታወሻ በብዛት ይበላል፤ 8 ጊጋባይት ባለው ካርድ ላይ ሲሞላ ፍሬሙ ቀስ እያለ አይቀንስም፣ ባንድ ጊዜ ይወድቃል፤ የቴክስቸሩን (በነገሮች ላይ የሚለጠፉትን የገጽታ ምስሎች) ደረጃ አንድ እርከን ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ዲኤልኤስኤስን፣ ማለትም ምስሉን በአነስተኛ ጥራት ሠርቶ የሚያሳድገውን የኤንቪዲያ ካርዶች ዘዴ፣ ያበራ ሰው ተጨማሪ ፍሬም ያገኛል፤ ይሁን እንጂ በኮክፒቱ ስክሪኖች ላይ የሚለዋወጡት ቁጥሮች ጥላ እየጎተቱ ለማንበብ ሊያስቸግሩ ይችላሉ፤ በመሣሪያ ብቻ ለሚበር ሰው ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ራምን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ዋና ማስታወሻ፣ በተመለከተ ኩባንያው የሚመክረው 32 ጊጋባይት ነው። 16 ካለዎት ይነሣል፣ ነገር ግን ሌላ ፕሮግራም ከጎኑ አይክፈቱ።

የጠያቂው መልስ፦ የእንጦጦ ጭጋግ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ የሚድነውን እና የማይድነውን ለይታችሁ ስለነገራችሁኝ ጥያቄዬ መልስ አግኝቷል።

ሰርቨር ጠባቂ በጠየቁት መሠረት ፍጥነቱን ለካሁት። ጠዋት ከ40 ሜጋቢት በላይ አገኛለሁ፤ ምሽት ላይ ግን ከ10 በታች የሚወርድባቸው ሰዓቶች አሉ። የምበረው ደግሞ በአብዛኛው ምሽት ነው። ስለዚህ ለእኔ ዋናው ችግር የመጀመሪያው ቀን ወረፋ ሳይሆን አሠራሩ ራሱ እንደሆነ ገብቶኛል። ለአጎቴ ልጅ እስከ ገና እንዲቆይ እና ቢያንስ አንድ ትልቅ ማሻሻያ እስኪወጣ እንድንጠብቅ እነግረዋለሁ። ያን ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ላይ እሞክረዋለሁ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ቢኖር፣ በስቲም በስጦታ የተላከልኝ ጌም ባይስማማኝ ገንዘቡ ለእርሱ ይመለሳል ወይ የሚለው ነው።

መልስ 5፦ ሙሉ ዋጋ ከፋይ

ይመለሳል። ስጦታውን ከተቀበሉ በኋላም ቢሆን ከተገዛ በ14 ቀን ውስጥ ከሆነ እና የተጫወቱበት ጊዜ 2 ሰዓት ካልሞላ ጥያቄውን የሚያቀርቡት እርስዎ ነዎት፤ ገንዘቡ ግን የሚመለሰው ለገዛው ሰው ነው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ጌሙ ክፍት ሆኖ መጫኛውን የሚጠብቁበት ሰዓት እንደ ተጫወቱበት ይቆጠራል። ስለዚህ ከፍተውት ቡና ለማፍላት አይሂዱ፤ መጫኛው ቀጥ ካለ ይዝጉትና ኢንተርኔትዎ በሚሻልበት ሰዓት ይሞክሩት።

መልስ 6፦ ሰርቨር ጠባቂ

ከዚህ ላይ የምጨምረው ቢኖር፣ ቅዳሜ ጠዋት ያሉት ለእኛ አገር ጥሩ ሰዓት ነው። ረፈድ ሲል በአሜሪካ ሌሊቱ እየገፋ ስለሚሄድ በዚያ በኩል የሚገባው ሰው እያነሰ ይሄዳል፤ የእርስዎም መስመር ያልተጨናነቀ ይሆናል። ስጦታውን በደረሰዎት ቀን ለመቀበል አይቸኩሉ፤ ዓርብ ማታ ተቀብለው ጌሙን ሌሊቱን በስቲም በኩል ያውርዱት፤ ይህ ማውረድ ከ2 ሰዓቱ ላይ አይቀነስም። ውጤቱን እዚሁ ቢጽፉልን በተመሳሳይ ኢንተርኔት ላይ ላሉ ሌሎች አባላትም ይጠቅማል።