ከሜሪላንድ ቴክሳስ መጥቼ ሜዲኬይዴ አልሠራ አለኝ፤ በርካሽ ምን ልያዝ?

ጥያቄ፦ አዲስ ገቢ

ሰላም ለሁላችሁ። 24 ዓመቴ ነው፣ ሲቲዝን ነኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ እናቴ ጋ ስኖር የሜሪላንድ ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው መንግሥት የሚሰጠው የጤና ሽፋን) ነበረኝ፤ ስለ ኢንሹራንስ አስቤም አላውቅ። ፌብሩዋሪ 20 ጋርላንድ የአክስቴ ልጅ ጋ ገባሁ። በኤጀንሲ በኩል መጋዘን ውስጥ በሳምንት 28 ሰዓት ያህል እሠራለሁ፤ በዓመት ወደ 24 ሺህ ዶላር ይመጣል። ኤጀንሲው ኢንሹራንስ አይሰጥም። አስም አለብኝ። ባለፈው ሳምንት ኢንሄለር ልወስድ ፋርማሲ ብሄድ ካርዱ እዚህ አይሠራም ተባልኩ። እናቴ አዲስ ሥራዋ ላይ ኢንሹራንስ ስላገኘች "ላስገባህ" ትላለች። በወር 79 ዶላር የሚል ሰው ደግሞ በየቀኑ ይደውላል። የቱ ይሻለኛል? ዛሬ ማርች 30 ነው፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

መልስ፦ ነርሷ

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ቀን ቁጠር። ስቴት የቀየረ ሰው ከመደበኛው የምዝገባ ወቅት ውጪም መመዝገብ ይችላል፤ ግን ከተዛወረ በኋላ 60 ቀን ብቻ ነው ያለው። ያንተ አፕሪል 21 ያበቃል። ካለፈህ ኖቬምበር 1 እስኪከፈት ትጠብቃለህ፣ ሽፋኑም ከጃንዩዋሪ በፊት አይጀምርም። ከመዛወርህ በፊት በነበሩት 60 ቀናት ቢያንስ ለአንድ ቀን ኢንሹራንስ የነበረህ መሆን አለበት፤ ሜዲኬይድ ይቆጠርልሃል።

አሁን ደግሞ ዋናው። ሽፋን የሚጀምረው ፕላን በመረጥክ በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቀን ነው። እስከ ነገ ማታ ከመረጥክ አፕሪል 1፣ ከነገ ወዲያ ከመረጥክ ሜይ 1። አስም ይዞ አንድ ወር ሙሉ ባዶ መቀመጥ አያስፈልግም። ቴክሳስ የራሷ የኢንሹራንስ ገበያ ስለሌላት የምትመዘገበው የፌዴራል መንግሥቱ ድረ ገጽ ሄልዝኬር ዶት ጎቭ ላይ ነው። በስልክ ከፈለግህ 1-800-318-2596፤ "አማርኛ" በላቸው፣ አስተርጓሚ በነጻ ያገናኙሃል።

ሜዲኬይድ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ የየስቴቱ ነው፣ ከሰው ጋር አይሄድም። ቴክሳስ ደግሞ ካላስፋፉት ስቴቶች አንዷ ናት፤ ልጅ የሌለው ጎልማሳ ገቢው አነሰ ተብሎ ብቻ አይሰጠውም። የሜሪላንዱን ደውለህ አዘጋ። ክፍት ሆኖ ከተገኘ እዚህ መንግሥት የሚሰጥህን የፕሪሚየም (የወር ክፍያ) ድጋፍ ያበላሽብሃል።

መልስ፦ ታክስ ሠሪው

ነርሷ የተናገረችው ልክ ነው፤ እኔ የብሩን ልጨምር። ለ2026 ሽፋን የሚታየው የድህነት መስመር ለአንድ ሰው በዓመት 15,650 ዶላር ነው። ቴክሳስ ውስጥ ከዚያ በታች የሚያገኝ ሰው ሜዲኬይድም ድጋፍም የለውም፣ በሁለቱ መሃል ይወድቃል። 24 ሺህ ስለምታገኝ አንተ ከመስመሩ በላይ ነህ።

ብሮንዝ የሚባለው የፕላን ደረጃ ርካሽ መስሎ እንዳያታልልህ። ባንተ ገቢ ከሱ ከፍ ያለውን ሲልቨር የሚመርጥ ሰው ከፕሪሚየሙ ድጋፍ ሌላ ዲዳክቲብሉና (ኢንሹራንሱ መክፈል ሳይጀምር ከኪስህ የምታወጣው) ኮፔዩም (በየሕክምናው የምትከፍለው ድርሻ) ይቀነስለታል፤ ይህ ቅናሽ ሲልቨር ላይ ብቻ ነው ያለው። ስንት ደንበኛዬ በወር 20 ዶላር ላተርፍ ብሎ ብሮንዝ ይዞ፣ አንድ ቀን ኢመርጀንሲ ገብቶ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ከ30 ዓመት በታች ላለ ሰው የሚሸጠው ካታስትሮፊክ የሚባለው፣ ለከባድ ነገር ብቻ የሚሆነው ፕላንም ድጋፍ አይሰጠውም፣ ተወው።

ገቢህን አሳንሰህ እንዳትጽፍ። ከ2026 ጀምሮ ትርፍ የወሰድከውን ድጋፍ ስትመልስ ጣሪያ የለውም፣ ሙሉውን ነው የምትመልሰው። ሰዓት ከጨመሩልህ በዚያው ሳምንት ግባና አስተካክል። የወሰድከውን ድጋፍ የሚያሳየው 1095-ኤ የሚባል የገበያው ወረቀት ሳይደርስህም ታክስ አትሥራ።

መልስ፦ የሪቻርድሰኗ

ልጄ፣ ያንን ደዋይ ዝጋው! የኔም ልጅ እንዲሁ በስልክ ገዝቶ ትርፍ አንጀቱን ሲያስወጣ ነው የነቃነው፤ ወረቀቱ ለአንድ የሆስፒታል ቀን ይህን ያህል ብቻ እከፍላለሁ ይል ኖሯል። ቀሪውን ቢል እስከ ዛሬ በትንሽ በትንሹ እንከፍላለን። መለያው ቀላል ነው፦ "ምን በሽታ አለብህ?" ብሎ የሚጠይቅህ ሻጭ ትክክለኛውን ኢንሹራንስ እየሸጠልህ አይደለም። በገበያው ላይ ያለው አስምህን ቆጥሮ ዋጋ ሊጨምርብህም ሊከለክልህም አይችልም፤ ሲጋራ ታጨሳለህ ወይ ብቻ ይልሃል።

መልስ፦ አዲስ ገቢ

እናቶቼም ወንድሞቼም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእናቴን ነገር ማንም አልነካውም ግን። ቤቱም ሊዙም በአክስቴ ልጅ ስም ነው፤ እዚህ መኖሬን በምን ላሳይ?

መልስ፦ ታክስ ሠሪው

እስከ 26 ዓመትህ እናትህ ኢንሹራንሷ ውስጥ ልታስገባህ ትችላለች። ግን ፕላኑ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቃት። ኤችኤምኦ (በራሱ ሐኪሞች ብቻ የሚያሳክም ፕላን) ከሆነ ሐኪሞቹ እነሱ አካባቢ ናቸው፤ እዚህ የሚሸፍንልህ ኢመርጀንሲን ያህል ነው፣ ለአስም ክትትል አይሆንም። በሌላ በኩል በ24 ዓመትህ ይህን ያህል እያገኘህ በታክሷ ላይ ጥገኛዬ ነው ብላ ልታስገባህ ስለማትችል፣ እዚያ ካልተመዘገብክ በቀር የሷ ሥራ ያንተን ድጋፍ አይነካም።

መልስ፦ ነርሷ

ለአድራሻ የአክስትህ ልጅ "ከዚህ ቀን ጀምሮ እኔ ጋ ይኖራል" ብሎ ጽፎ ይፈርምልህ፤ ባንክ ወይ ኤጀንሲው በአዲሱ አድራሻ የላከልህ ደብዳቤ ካለም ጨምር። የሜሪላንድ ሜዲኬይድህን የሚያሳየውን ደብዳቤ እናትህ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትላክልህ።

መልስ፦ ሌሊት ነጂ

ጋርላንድ ዳላስ ካውንቲ ውስጥ ስለሆነ ፓርክላንድንም አትርሳ። የካውንቲው ሆስፒታል ነው፣ ለነዋሪ በገቢው ልክ የሚቀንስበት የእርዳታ ፕሮግራም አለው። ኢንሹራንስ ነው ብለህ አትቁጠረው፣ ግን ካርድህ እስኪመጣ ኢንሄለር ያስጽፍልሃል። እኔ ሁለት ዓመት በሱ ነው የቆየሁት።

መልስ፦ አዲስ ገቢ (ማርች 31፣ ሌሊት)

ጨረስኩ። ሲልቨር መረጥኩ፣ የመጀመሪያ ወሩን አሁኑኑ ከፈልኩ፤ ካልከፈልክ አይጀምርም አሉኝ። ስልክ ላይ ያለችው አስተርጓሚ "የጎጃም ልጅ ነህ?" ብላኝ በሳቅ ነው የጨረስነው። የሜሪላንዱን ነገ ጠዋት እደውላለሁ።

መልስ፦ ነርሷ

ስትደውል የተዘጋበትን ቀን በጽሑፍ እንዲልኩልህ ጠይቅ። ወደ አዲሱ አድራሻ በላቸው፣ አለበለዚያ እናትህ ጋ ነው የሚሄደው።